ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ከመንዳታችሁ በፊት

በዚህ እትም የምናወራው ስለ ፊደልና ስለ ስሌት ሳይሆን ስለ መኪና ነው። አንዳንዶቻችሁ «ካምፕ ውስጥ ለሚኖር መምህር የመኪና ጥገና ምን ይሠራለታል?» ትሉ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ከሆነ በመምህራኑ ሃይስ ላይ የደረሰውን አልሰማችሁም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ካኩማ ያለን አሥራ አንድ መምህራን ከምናገኛት ኢንሴንቲቭ ላይ በየወሩ እያዋጣን ከሁለት ዓመት በላይ ቆጠብን። መጽሐፍ የምታመላልስ፣ ተፈታኝ ተማሪዎችን የምታደርስ፣ ሌሊት የታመመ ሰው ሲኖር ሐኪም ቤት የምትወስድ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ሃይስ በአገሩ ተወላጅ ባልደረባችን ስም ገዛን። መኪናዋ በ2003 የተሠራች የናፍጣ ሞተር ናት (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 142 ሺህ ይላል። ቀለሟ ያበራል፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ደስ ብሎን ወዲያው ሥራ አስጀመርናት። በስድስተኛው ሳምንት፣ ከሎድዋር ስንመለስ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ «ኳ» ብሎ ጠፋ። የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ነበር።

የማያውቅ ሰው «ቺንጋ ተበጠሰ፣ ሌላ ይገጠም» ይላል። የታይሚንግ ቺንጋ ግን እንደ ዲናሞ ቺንጋ አይደለም። ፒስቶኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄዱ ቫልቮላዎቹ በትክክለኛው ሰዓት እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ሁለቱን የሚያስተባብረው እሱ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ከላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ክፍት የቀሩትን ቫልቮላዎች ፒስቶኑ እየመጣ ይመታቸዋል። የእኛም እንዲሁ ሆነ፤ ቫልቮላዎቹ ተጣመሙ፣ ፒስቶኖቹ ተጎዱ። ለሁለት ዓመት የቆጠብነው ገንዘብ ስድስት ሳምንት ሠርቶ አምስት ወር ጋራዥ ተኛ። በእነዚያ አምስት ወራት ተፈታኞቻችን እንደ ድሮው ቦዳቦዳ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ሄዱ።

ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትመኑ

እውነቱን ለመናገር ስለ ቺንጋው ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ቺንጋው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እንደሚቀየር፣ ጊዜው ሲደርስም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት እንደሚበራ እናውቅ ነበር። መብራቱ አልበራም። መቁጠሪያው 142 ሺህ ስለሚል «100 ሺህ ላይ ተቀይሯል፣ ቀጣዩ 200 ሺህ ላይ ነው፣ ገና 58 ሺህ ይቀረናል» ብለን ሂሳብ ሠራን። ሂሳቡ ልክ ነበር። የተነሳንበት ቁጥር ነው ውሸት የሆነው።

ኢትዮጵያ ገበያ አጠገብ ያሉት አዛውንት ሜካኒክ ሞተሩን ሊያወርዱ ሲመጡ መጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍተው የበሩን ጠርዝ ተመለከቱ። የጃፓን ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። «መምህር፣ ይቺን አላነበባችኋትም እንዴ?» አሉኝ። ጃፓንኛ አላውቅም አልኳቸው። «ቁጥሩ እኮ ጃፓንኛ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቷ ላይ በእስክሪብቶ 22 የሚል ዓመትና 187 ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጽፏል።

ይህን በደንብ ልብ በሉ፣ ለማስተማርም ይጠቅማል። ጃፓኖች በዘይት ቅያሪ ጊዜ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፈው በር ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር የመለጠፍ ልማድ አላቸው። የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየርም ብዙ ጊዜ ሞተሩ አካባቢ ይለጥፋሉ። ዓመቱን ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ነው። ሄይሴይ የሚባለው ዘመን በ1989 ጀምሮ በ2019 አበቃ፤ ከዚያ ሬይዋ ተተካ። ከቁጥሩ በፊት የላቲኑ ኤች ካለ 1988 ደምሩበት፣ አር ካለ 2018 ደምሩበት። ስለዚህ ሄይሴይ 22 ማለት 2010 ነው። መኪናዋ በ2010 ጃፓን እያለች 187 ሺህ ነድታ ነበር፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ 142 ሺህ ሆነች። ሰው ሲያረጅ ዕድሜውን ይቀንሳል ሲባል ሰምተናል፣ መኪናም ትቀንሳለች ለካ። መቁጠሪያውን የነካ ሰው የቺንጋውንም መብራት ነክቶታል ማለት ነው፤ ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ብቻ መልሶ ማጥፋት ይቻላልና።

ወረቀት ባይኖርስ? የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማዎችን እዩ። ተበልተው ብረት ሊታይ የደረሰ ከሆነ፣ መሪው እንደ መስታወት ከለሰለሰ፣ የሾፌሩ ወንበር ከጎበጠ፣ 80 ሺህ ነድታለች ብሎ የሚነግራችሁን ሰው ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ለምን የታይሚንግ ቺንጋ ላይ ይህን ያህል ቆየሁ? ሌላው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ይሄ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ቺንጋ ያለው ሞተር ከገዛችሁና መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ማረጋገጥ ካልቻላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከነማወጠሪያው አስቀይሩት። እንደ ፕሮቦክስ ያሉ ብዙ አዳዲስ የቤንዚን ቶዮታዎች በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት አላቸው፤ እነሱ ላይ ይህ ስጋት የለም፣ ዘይታቸው በጊዜው እስከተቀየረ ድረስ።

ከዜሮ መጀመር

የቀድሞው ባለቤት «ባለፈው ወር ሰርቪስ አድርጌያታለሁ» ቢላችሁ አመስግኑትና እንዳልሰማችሁ ሁኑ። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውኃ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀይሮ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ደብተር ላይ ተጽፎ፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀመራል። ወጪው ያማል። ግን ከዚያ በኋላ መኪናዋ ያለችበትን ታውቃላችሁ።

የሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ አይደለም። ሙቀት ይወስዳል፣ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አንጠልጥሎ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል። ስለዚህ ፊልትሮውን ሳይቀይሩ ዘይት መቀየር ገላን ታጥቦ የቆሸሸ ልብስ መልበስ ነው። ጣሳው ላይ 15 ደብሊው 40 የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው በሞቀ ሞተር ውስጥ ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ያሳያል። ቱርካና ውስጥ ብርድ ስለማናውቅ ለእኛ ሁለተኛው ነው ቁም ነገሩ፤ ለአሮጌ ናፍጣ ሞተር 15 ደብሊው 40 ይስማማል። አቧራ በበዛበትና ጉዞው አጭር አጭር በሆነበት በዚህ አገር 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ ወይም ስድስት ወር ሲሆን፣ የቀደመው ይቀየራል።

ዘይት ስትለኩ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፣ ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ይቆይ። መለኪያውን ጠርጋችሁ መልሳችሁ አውጡ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ደህና ነው። «ይብዛ፣ አይጎዳም» የሚሉ አሉ፤ ይጎዳል፣ ሲበዛ አረፋ ሠርቶ በትክክል ማለስለስ ያቅተዋል። በናፍጣ ሞተር ዘይቱ በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጠቁር ግን አትደንግጡ፤ ጥላሸቱን እየሰበሰበ ነው፣ ሥራው ነው። የሚያስደነግጠው ወተት የመሰለ ዘይት ነው። ውኃ ገብቶበታል፣ ብዙ ጊዜም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው። ይህንን ሳትገዙ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን በማየት ልታውቁት ትችላላችሁ። ጭሱም ይናገራል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ከሆነ ውኃ እየተቃጠለ ነው።

የወጣውን አሮጌ ዘይት አሸዋ ላይ አትድፉት። የምንጠጣው ውኃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው። በጄሪካን አስቀምጡትና ለሚጠቀምበት ሰው ስጡ።

የነዳጅ ፊልትሮ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውኃም ኬሮሲንም ሊኖረው ይችላል። የናፍጣውን ፓምፕ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው፣ ኬሮሲን ደግሞ ደረቅ ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየሁለት ሳምንቱ ላላ አድርጋችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ውኃ ካለ ከታች ይቀመጣል፣ በዓይን ይታያል።

ሙቀት

ካኩማ ላይ መኪና የሚገድለው ሙቀት ነው። ራዲያተር ውስጥ ተራ የቧንቧ ውኃ ብቻ የሚሞሉ ብዙዎች ናቸው። ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት እስቲ፤ ያ ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በሞተሩ የውኃ መንገዶችም ውስጥ ይሠራል። ከላዩ ዝገት ይጨመርበታል። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም፣ ስለዚህ ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይቃጠላል። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቃል። ከመሙላታችሁ በፊት አሮጌውን አፍስሳችሁ ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡ።

የራዲያተሩ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። ውስጡን በግፊት ስለሚይዝ ውኃው 100 ዲግሪ ላይ አይፈላም፤ 120 ዲግሪ ገደማ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የፊዚክስ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው፣ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይሻላል። የጋለ ራዲያተር የሚከፍት ሰው የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይወድቃል፣ ያ ሁሉ ውኃ ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ከላይ ያለውን የጎማ ቱቦ በእጃችሁ ጨምቃችሁ ያለ ሕመም መያዝ እስክትችሉ ድረስ ክዳኑን አትንኩ። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ደግሞ ክዳኑን ቀይሩት፤ ግፊት መያዝ አይችልም።

ፉንዲዎች ጋር የምከራከርበት አንድ ነገር አለ፣ እሱም ቴርሞስታት ነው። መኪና ሞቀች ሲባል ብዙዎቹ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። «እዚህ አገር አያስፈልግም» ይላሉ። ስህተት ነው። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከፊሉ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ልታበርድ ብለህ የባሰ ታሞቃለህ። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ይተካ። ደግሞም ሰርቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ነው፤ በድስት ውኃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አፍሉት፣ ውኃው ሳይፈላ በፊት ሲከፈት ማየት አለባችሁ።

መንገድ ላይ የሙቀቱ መርፌ ከወትሮው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ የሙቅ አየሩን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ላብ ያጠምቃችኋል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ፍሬንና ጎማ

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግማችሁ ስትይዙ ይጋልና ይፈላል፣ ፈሳሹ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶውን እስከ ታች ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም መቀየር ነው። የፍሬን ሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ይለወጥ። ብረት ለብረት ሲፋቅ እስክትሰሙ አትጠብቁ።

ጎማ ላይ በአካባቢያችን ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ «ፀሐይ ስለሆነ ነፋስ ቀንሱለት፣ እንዳይፈነዳ» ይባላል። ተቃራኒው ነው እውነቱ። ነፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይሄዳል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ይገነጥለዋል። የሚፈነዳው እሱ ነው። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል፤ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ይለካ። ላጋ ውስጥ አሸዋ ከያዛችሁ መቀነስ ይቻላል፣ ግን አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉት። ለዚህ የእግር ፓምፕ መኪናው ውስጥ ይኑር።

የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ አንብቡ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቦት ጎማውን በሰባት ዓመት ወጣት አድርጎት ነበር፤ ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። ጥርሱ ጥሩ ቢመስልም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ሰው አይጫንበትም፣ ስድስት ካለፈው ደግሞ ጎኑ ላይ ስንጥቅ መኖሩን በየጊዜው እዩ። ሃይስ የጭነት መኪና ነች፤ መጠኑን ከሚገልጸው ቁጥር በኋላ የላቲኑ ሲ ያለበት ጎማ ያስፈልጋታል። የቤት መኪና ጎማ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግጠሙላት። ተጠባባቂ ጎማውንና ክሪኩን ደግሞ በገዛችሁበት ቀን አውጥታችሁ ሞክሩ። የእኛ ክሪክ ቦታው ላይ እንዳልነበረ ያወቅነው ጎማ የተነፈሰ ዕለት ነው።

ስለ ባትሪ ብዙ የሚባል የለም። ሙቀት ውኃውን ያደርቀዋል፤ ክዳን ያለው ከሆነ የተጣራ ውኃ ብቻ ጨምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ናቸው።

አቧራውና ታራች ወንዝ ግን የእኛው ጣጣ ናቸው። የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ አውጥታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በነፋስ አራግፉት፤ ከውጭ ከነፋችሁት አቧራውን ወደ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ያለ ፊልትሮ አንድ ቀንም አትንዱ፣ አሸዋ በሞተር ውስጥ ሞረድ ነው። ዝናብ ዘንቦ ላጋው ውኃ ሲይዝ ለሚሻገሩ ደግሞ፣ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። በማግስቱ መሙያውን ከፍታችሁ በጣታችሁ ነካ አድርጉ፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ይፍሰስ። ከውኃ እንደወጣችሁም ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሦስት አራት ጊዜ ያዙት፣ እንዲደርቅ።

ሃይሷ አሁን ተነስታለች። ቅዳሜ ጠዋት ከመስኩ ጎን ኮፈኗ ተከፍቶ ታዩአታላችሁ። የሙያ ክፍል ተማሪዎች በተራ ዘይት፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት፣ የጎማ ነፋስና ባትሪ ያያሉ፣ ያዩትንም ከነኪሎ ሜትሩ ደብተሩ ላይ ጽፈው ይፈርማሉ። ደብተሩ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ኪስ ውስጥ ነው። የጃፓኗን ወረቀት ግን ከበሩ ላይ አላነሳናትም።